የእትዬ አሰገደች በር በኦይስተር ደም ውስጥ

ሶፊዬ፣ እንዴት ናፈቅሽኝ አቦ!

ዛሬ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ለሥልጠና በመጣሁባት ቺንግዳኦ ከተማ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እናትሽ እትዬ አሰገደች ትዝ ብለውኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ኦይስተር የሚሉትን ባለዛጎል የባሕር እንስሳ ደም በማይክሮስኮፕ እያየሁ ነበር። ደሙ ቀይ እንዳይመስልሽ፤ የሩዝ ውሃ ነው የሚመስለው። ባክቴሪያ ጠጋ ሲል የደሙ ፕሮቲኖች ይዳስሱታል፤ ባዕድ መሆኑን ከለዩ የደም ሕዋሱ ዋጥ ያደርገዋል። እትዬ አሰገደችስ በር ሲንኳኳ «ማነው? ኤኙ? ዋ ኩማ?» ብለው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ሳይጠይቁ መቼ ይከፍታሉ? በአንዱም ያልመለሰ እዚያው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ቆሞ ይቀራታል!

አሠልጣኛችን ግን ጨቅላ የደም ሕዋስ ባዕዱን በደንብ አይለይም አለችን፤ መለያውን ፕሮቲን የሚያበዛው ሲጎለምስ ነው። ወዲያው ልጅሽ ማራኪ ታወሰችኝ። ስሄድ ገና አራስ ነበርሽ። ስመለስ እንደ ባዕድ አይታኝ እንዳታለቅስብኝ ፈራሁ።

ይቺ ፖስትካርድ ሞላችብኝ። እትዬን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ደግሞ ማራኪን «ዊዳድ መጣች!» በያት፤ አንድ ቀን እውነት ይሆናል።

ያንቺዋ ዊዳድ