አክሱማዊት የልቤን ምት ስትቆጥር

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፦

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? እማዬ፣ አባዬ፣ ያቺ ሰው የማታስገባ ዶሮሽስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልክ አላነሳ ስላልሽኝ በወረቀት መጣሁብሽ፤ እንግዲህ ወዴት ታመልጪ!

እትዬዋ፣ ሰኞ ነጭ ጋውን ለብሼ ለነርስነት ልምምድ ሆስፒታል ልገባ ነው! ትናንት ጋውኑን ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ገዝቼ በታክሲ አቅፌው መጣሁ። ከደስታዬ ብዛት «ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ ከሰፈሬ ከፉሪ አልፌ ሄድኩ። ረዳቱ ጋውኑን አይቶ ሲስተር ምን ነካሽ አለኝ። ሲስተር! ሰማሽ?

ግን ሳልለብሰው ልቀር ነበር። ለትምህርት እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እህል አልወርድ አለኝ። ለእማዬ ተመችቶኛል እያልኩ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። አንድ ቀን የልብ ምት መቁጠር ስንለማመድ (እርስ በርሳችን ነው የምንለማመደው) አብራኝ የምትኖረው አክሱማዊት እጄን ያዘችኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አሳመምኩሽ ወይ ብላ ደነገጠች። አላሳመመችኝም፤ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ቆጠራው ጠፋባት፣ እጄን ግን አልለቀቀችም። እንደያዘችኝ ተማሪዎችን ወደምታማክረው ሲስተር ውዳሴ ወሰደችኝ።

ሲስተር አልተቆጣችኝም። ሕመም ነው፣ ይድናል፣ ብዙዎቻችሁ ትመጣላችሁ አለችኝ። ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ስትለኝ ቶሎ ብዬ የለም አልኩ። ለታክሲ ተሰልፌ ግን አንቺ በሐሳቤ መጣሽብኝ። ዩኒቨርሲቲውን ትተሽ የመጣሽ ጊዜ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ስትተኚ አባዬ ስንፍና ነው አለ፣ እማዬ ዓይን ነው አለች። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ ምሳሽን በር ላይ አስቀምጬ እሮጥ ነበር። እጅሽን የያዘ ሰው አላስታውስም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሲስተር «አለች፣ እህቴ» አልኳት።

አሁን እተኛለሁ፣ እበላለሁም። እንዲያውም አክሱማዊት ሽሮውን ጨረሽብኝ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። አንቺም ነይ! ፍራሽ ተበድረን አንጥፈንልሻል። ሲስተርም ይዘሻት ነይ ብላኛለች። አባዬ ለምን ካለሽ ጋውኗን ላይላት ነው በይው፤ ውሸትም አይደለም።

አላህ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፣ ልብሽን ያስፋልሽ። ቅቤውንም ቆጮውንም ተዪው፣ ምንም እንዳትሸከሚ። መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ እንደወረድሽ እጅሽን ስጪኝ። ቆጠራው ቢጠፋብኝም አልለቅሽም።

የምትወድሽ ታናሽሽ