ከአንኮበር አፋፍ ያልሄደው መልስ
የወይዘሮ አልታየች ወልደተንሣኤ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አልታየች ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደተንሣኤ ኃይለኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደመቀች በላይ በ1957 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1974 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1982 ዓ.ም. ከአቶ ፍሥሐ ልዑል ጋር ትዳር መሥርተው ቴዎፍሎስንና ማርያማዊትን ወለዱ።

ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ከፋብሪካው ወጥተው በቤታቸው ሱፍ ማስፈተልና ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ማሠራት ጀመሩ። ለዓመታት ገበያቸው ከደብረ ሲና አላለፈም። በ2010 ዓ.ም. ማርያማዊት የባናውን ፎቶ በስልኳ ለቀቀች፤ ዴንማርክ ያለ ነጋዴ አይቶ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ፈታዮችና ሸማኔዎች ሁሉ በዚያች ስልክ ኖሩ። ወይዘሮ አልታየች እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ልጃቸውን ያስጽፉ ነበር፤ "አታሳጥሪብኝ፣ ያልኩትን ሁሉ ጻፊው" ይሏታል።

በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ለነጋዴው "ሱባኤ ልገባ ነው፣ ጠብቀኝ" ብለው ስልኩን ያጠፋሉ። ሰውየውም መጠበቅ ለመደ።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ሲገባ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፤ የአዲስ አበባው መንገድም ተዘጋ። ነጋዴው ዝምታው የሱባኤው መሰለው። ፍልሰታ ተፈታ፤ ባናው ተከምሮ ቀረ፤ ሴቶቹ ሥራ ፈቱ።

መስከረም ላይ ወይዘሮ አልታየች ማርያማዊትን ይዘው አንኮበር ወጡ። የአፋር ቆላ ከሚታይበት አፋፍ ላይ የማዶው ኔትወርክ አልፎ አልፎ ይይዛል። አንድ መልእክት ገባ፦ "ሱባኤዎ አላለቀም? እስከ ጥቅምታችሁ መጨረሻ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።" መልስ ጻፉ። አልሄደም። ልጃቸው "እማዬ እንሂድ፣ ብርዱ ይገድልሻል" ብትላቸውም "አንዴ ብቻ ሞክሪ" እያሉ ዝናብ ሲመታቸው ዋሉ።

በሳንባ ምች ታመሙ። መድኃኒት በከተማው ጠፍቶ ነበር። እስከ መጨረሻው "ሄደ ወይ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ቤዛ በሕይወት አሉ።

መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቶ ከአዲስ አበባ ለቀብር የመጣችሁ፣ ስትመለሱ ይህን መልስ ላኩልን። የነጋዴው ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። "ሱባኤው አልቋል። ባናው ተዘጋጅቷል። ጠብቀኝ።" በሉት። ማረፋቸውን ግን አትንገሩት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። ጥቅምት ሊያልቅ ነው።