ከኋላ በር የገቡት

ግንቦት 19 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት

ለልጄ ለሐኪሟ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? ሳሙናውና አልኮሉ እጅሽን ልጦታል ብለሽኝ ነበር፤ ዳነልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ሳሉም ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚጎበኘኝ።

እስከ ዛሬ ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርቷ ነበረች። ይሄኛውን ግን ማንም እንዲያየው ስላልፈለግኩ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ራሴን አውቀዋለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ወሬ ቀይሬ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ነው የማወራሽ።

የተጣላንበትን ቀን መቼም አትረሺውም። ወረርሽኙ ገብቷልና የፀጉር ቤት ሱቁን ዝጋ አልሽኝ። አርባ ዓመት የከፈትኩትን በር ጉንፋን አይዘጋውም አልኩሽ። አንቺ ደክሞሽ ነበር መሰለኝ፣ ቀስ ብለሽ፣ «አባዬ፣ ለዚህ በሽታ እኛም ገና መድኃኒት የለንም። ኦክስጅን እንሰጣለን፣ እንጠብቃለን። ከዚያ የሚበልጠው ሥራችን ሰው ከማን ጋር እንደዋለ እውነቱን ሲነግረን ነው» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት የተማርሽው ወሬ ለመልቀም ነው ወይ ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም።

በኋላ ሱቁን ዘጋሁት ብዬሽ ነበር። የዘጋሁት የፊቱን በር ነው። በጓሮ በኩል አምስት የድሮ ደንበኞቼን አስገባ ነበር። መጋረጃውን እጋርድና፣ ማሽኑ ስለሚጮህ በመቀስና በምላጭ ብቻ እሠራለሁ። በገዛ ሱቄ እንደ ሌባ። የላክሽልኝን ማስክ አላደረግኩትም፤ መነጽሬን በእንፋሎት ይሸፍንብኛል። የሚላጨውስ እንዴት አድርጎ ያደርጋል?

አጠገቤ ያለውን ሰዓት ሠሪ ታውቂዋለሽ። ሰዓቱን ሊወስድ የመጣውን ሁሉ «ነገ ና» እያለ ሲመልስ ኖሮ ስሙ ራሱ «ነገ ና» ሆኖ ቀረ። እሱ በየሦስት ቀኑ ይመጣ ነበር። አገጩን ሰጥቶኝ ቁጭ ይልና፣ ሐኪሟ ልጅህ ብታይህ በዚሁ ምላጭ አንተን ነበር የምትላጭህ እያለ ይስቅብኛል።

ከዚያ፣ የዛሬ አምስት ሳምንት ግድም፣ እኔ ታመምኩ። ጤና ጣቢያ መርምረውኝ አለብህ አሉኝ፣ ከቤት እንዳልወጣም አዘዙኝ። ሰኞ ዕለት ሲስተሯ ደብተሯን ይዛ መጣችና በሩ ጋ ራቅ ብላ ቆማ፣ በዚህ ሳምንት አጠገብዎ የቀረበ ሰው ማን ማን ነው አባባ አለችኝ። አምስቱም ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከተናገርኩ ሱቁ አለመዘጋቱ ሊታወቅ ነው። ሰፈሩ የሐኪም አባት እያለ ከመቀመጫው የሚነሳልኝ ሰው ነኝ፤ እኔም በአንቺ ጉራዬን ስነዛ ነው የኖርኩት።

«ማንም» አልኳት።

አላመነችኝም፤ ትክ ብላ አየችኝ። ያኔ፣ «እኔ የሐኪም አባት ነኝ፤ ደንቡን ካንቺ በፊት ነው የሰማሁት» አልኳት። ልጅቷ አፈረች። ይቅርታ ጠይቃኝ ደብተሯን አጠፈች። ያመነችው እኔን አይደለም፣ አንቺን ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ «ነገ ና» ማሳል ጀመረ። ከበሽተኛ ጋር መዋሉን የነገረው ሰው ስለሌለ ብርድ ነው ብሎ ቤቱ ተኛ። ደወልኩለት። ሲያስል በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ትኩስ ነገር ጠጣበት አልኩት። በሳምንቱ ሆስፒታል ወሰዱት፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ከማን ጋር እንደዋለ ሲጠይቁት ከማንም ብሏቸዋል። ትንፋሽ እያጠረው እኔን ሸሸገኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ። ከቤት እንድወጣ የፈቀዱልኝ እሱ በተቀበረ ማግስት ነበር፤ በቀጥታ ሲስተሯ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ብትሰድበኝ በወደድኩ፤ ስሞቹን ብቻ አንድ በአንድ ጻፈች። ያን ቀን ሲዞሩ ውለው ከአምስቱ አንዱን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ታሞ አገኙት። በጊዜ ስለደረሱለት ባለፈው ሳምንት በእግሩ ወጣ።

ለ«ነገ ና» ሚስት ለመንገር ግን ወኔ አጣሁ። እሷ ቤት ሳልደርስ ስንት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። እሁድ ሄድኩ። ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ከግቢው በር ሳላልፍ ቆሜ ነገርኳት። እጇን እንኳ አላቆመችም።

«ተላጭቶ ሲገባ እኮ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ራሱ ሲላጭ አገጩን ይቆርጣል። ያንተን እጅ ደግሞ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። አፍህ እስኪከፈት ነበር የምጠብቀው።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ተው አለችኝ።

«ልጅህስ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም» አልኳት።

«እኔማ የማውቀውን ነው የነገርከኝ። ሂድና ለማታውቀው ንገር» ብላ ባዶውን ሳፋ ይዛ ገባች።

ይኸው ነገርኩሽ። ማሪኝ ልል አይደለም፤ እሷን ያልጠየቅኳትን አንቺን አልጠይቅም። አንድ ነገር ግን መልሽልኝ። ያን ሰኞ አፌን ከፍቼ ቢሆን «ነገ ና» ይተርፍ ነበር? ዘበኛውን መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። ቢሆንም ካንቺ ልስማው። አባቴ ሽማግሌ ነው፣ ልቡ አይችለውም ብለሽ እንዳታለሳልሺው። ለማንም በሽተኛ ቤተሰብ እንደምትናገሪው ንገሪኝ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። ደክሞሽ ስትቀመጪ የሚያስነሳሽ አይምጣ። እውነቱን የሚነግርሽ በሽተኛ ይግጠምሽ።

አባትሽ