ሳይነካ የሚቀመጠው የእድር ገንዘብ

ለምወድህ ወንድሜ ለሲላስ ወልደየሱስ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የናይሮቢን ብርድ ለመድከው ወይ? ምግብስ በወጉ ትበላለህ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።

በታምሩ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶን ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። የምትሠራበት አክሲዮን አሻሻጭ ድርጅት መዘጋቱን ስናይ ደነገጥን። ደንበኞች ድንገት ገንዘባችንን ቢሉ እንዲከፈላቸው፣ ሕጉ የድርጅቱ አቅም ብሎ የሚቆጥረው ከዕዳ ተርፎ ቶሎ ጥሬ ገንዘብ የሚሆነውን ብቻ ነው ብለሃል። አለቃህ ሕንፃውንና መኪናውን ደምረህ ሙሉ ነው በል ሲልህ እምቢ ብለህ፣ የጎደለውን እንደጎደለ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጻፍክ፤ እሱም ድርጅቱን ዘጋው። አሁን ባልደረቦቼ ሥራ ያጡት በእኔ ነው፣ ባዶ እጄንም አገሬ አልገባም ትላለህ። ይኸኛው እማዬን አስለቀሳት።

ስለ አባባ ቀብር ጽፌልህ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኩህም። አባባ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሳሉ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው ለመቅበር የሚበቃ ብር ሁልጊዜ ሳይነካ ያስቀምጡ ነበር። ካቻምና አቶ ኦይታ በስብሰባ ተነሥተው፣ ድንኳኑም አግዳሚውም ብረት ድስቱም ሀብታችን ነው፣ ብሩ ተኝቶ ምን ይሠራል፣ የቆርቆሮ አዳራሽ እንሥራበት አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። አባባ ብቻቸውን ቆመው፣ «ሬሳ ድንኳን እስኪሸጥ አይቆይም» አሉና የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ ከለከሉ። ከዚያ ወዲያ ሙዝ ስንጭን እንኳ የሚያግዘን ጠፋ። አልዋሽህም፣ እኔም አኩርፌያቸው ነበር።

አምና በጥቅምት ወባው ሲበረታ መጀመሪያ የሸዋነሽ ባል ሞተ፤ በማግስቱ የዲሪባ እናት። በዚያው ሳምንት ሦስተኛው አባባ ሆኑ። ብሩ ለሦስቱም በቃ፤ አባታችንን በብድር አልቀበርንም። ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አውጥቼ ለአቶ ኦይታ ስሰጣቸው እንደ ልጅ አለቀሱ። ዛሬ ገንዘብ ያዡ እሳቸው ናቸው፤ አንዲት ብር አያስነኩም።

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «የአባቱ ልጅ ነው፤ ባዶ እጁን ይምጣ በይው» አለችኝ። እኔም የምልህ ይህንኑ ነው። የመስኖ ተራችን ሲደርስ ቦይ የሚከፍትልኝ ሰው አጥቻለሁ፤ ናፍቀኸኛልም።

እማዬ ዓይንህን ስማለች። ያላየሃት ልጄ ዕድላዊት አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቃለች። አቶ ኦይታም ሰላም ብለውሃል፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ቁልፉን የማስረክበው ለሲላስ ነው፣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ብለዋል።

እህትህ አገርነሽ
ጫኖ፣ አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.