ኢሶማ የሚሞትበት እሁድ

የተወደድሽ እቴቴ፣

ክረምቱን እንዴት አሳለፍሽው? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ከጣሪያ ላይ በረዶ ስታወርጂ አዳልጦሽ መውደቅሽን የአጎታችን ልጅ ጽፎልኝ ነው የሰማሁት፤ አንቺማ መቼ ትናገሪያለሽ። እማዬስ? እህል ትቀምሳለች? ሌሊት እየተነሳች በሩን መክፈቷን ተወች ወይ? እኔ አለሁ። ቶኪዮ ብርዱ ለቀቅ አድርጎ አሁን የዛፍ ብናኝ ተነስቷል፤ ሰዉ ሁሉ አፉን ሸፍኖ ያነጥሳል። የላክሽልኝ በጨው የተቀመጠ ጎመን ደርሶኛል። በጣም እያደቀቅሁ፣ ቀስ እያልሁ እበላዋለሁ።

ስልክ አላነሳ በማለቴ እንደተቆጣሽ ገብቶኛል። የተውሽልኝን መልእክት ሁሉ ሰምቻለሁ። የመጨረሻውን፣ "አንተ ድንጋይ! ሞተህ እንደሆነ ንገረኝ!" ያልሽውን፣ መልሼ መላልሼ ሰማሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። የቸገረኝ መስማቱ አይደለም፣ መመለሱ ነው። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥሁ።

ነገሩ የኢሶማ ነገር ነው። አንቺ እሁድ እሁድ ለእማዬ ቴሌቪዥኑን ከፍተሽ ወደ ጓዳሽ ትገቢያለሽ እንጂ ቁጭ ብለሽ አይተሽው አታውቂም። አልቀየምሁም፣ የልጆች ነገር ነው። ግን ዛሬ የምለምንሽ ነገር ስላለ ከሥሩ ልንገርሽ።

ኢሶማ መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የተፈጠረ ሰው ነበር። ታሪኩ ማንጋ ነው፣ በየሳምንቱ በመጽሔት የሚወጣ የሥዕል ታሪክ፤ ዋናው ጀግና ሹን የሚባል ልጅ ነው፤ ባሕር እየተሻገረ የጠፋ አባቱን ይፈልጋል። ኢሶማ መንገድ ላይ የሚገጥመው ሽፍታ ነው፤ በጀልባ መቅዘፊያ ይደባደባል፣ ይሸነፋል፣ ከዚያ ይቀራል። የታሰበው ይኸው ነበር። ነገር ግን በመጽሔቱ ውስጥ አንባቢ የወደደውን ሞልቶ የሚልከው ካርድ አለ፣ ልጆቹም "ያ ቀዛፊው የት ገባ?" እያሉ ጻፉ። ደራሲው አቶ ኦቺያይ መለሱት። ሽፍታው የሹን ጓደኛ ሆነ፣ ቆይቶም እንደ ታላቅ ወንድሙ ሆነ። በቴሌቪዥን ሊሠራ ሲባልና እኔ ለድምፁ ስመረጥ ኢሶማ ከሹን ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ነበር። አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ ሳኬ የቀዳው ያን ጊዜ ነው። ትዝ ይልሻል፣ ሰክሮ መቅዘፊያ ይዞ ዓሣ ገበያ ውስጥ ሲዞር?

የተወሰኑ ዓመታት እንዲያ ኖርን። በኋላ ግን ታሪኩ እየረዘመ ሄደ። ታሪክ ሲረዝም ጠላት ይገዝፋል። መጀመሪያ ሽፍታ ነበር፣ ቀጥሎ ጦር አዛዥ፣ ቀጥሎ ተራራ በጡጫ የሚሰነጥቅ ፍጡር መጣ። ሹን አብሮ አደገ፤ ጀግና ነዋ። ኢሶማ በእጁ ያለው ያው መቅዘፊያው ነው። ተራራ ከሚሰነጥቅ ጋር በመቅዘፊያ ምን ይደረጋል? ስለዚህ ዳር ቆሞ ማየት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ "ተጠንቀቅ ሹን፣ ያ ምት አሳሳች ነው!" እያለ ለተመልካቹ የሚያስረዳው እሱ ነበር። ከዚያ አዳዲስ ልጆች ገቡ፣ ወጣቶች፣ መልከ መልካሞች፤ ማስረዳቱንም ወሰዱበት። ለእኔ የሚሰጠኝ ጽሑፍ "ኢሶማ (ይደነግጣል)" የሚል ብቻ ሆነ። ሄጄ፣ ተራዬን ጠብቄ፣ "ሃ!" ብዬ እመለሳለሁ።

የሹንን ድምፅ የሚሠሩት ወይዘሮ ማኪኖ ናቸው። የልጅ ልጅ አይተዋል፣ ማይክ ፊት ሲቆሙ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናቸው። "አይዞህ፣ አገር ውስጥ እንዳንተ የሚደነግጥ የለም። ወደፊት ሰው ለማስደንገጥ ሲቸግራቸው አንተን ይጠሩሃል" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም እስቃለሁ። ሰኞ ሰኞ ግን ማንም ሳያየኝ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ መጽሔቱን ገዝቼ ቆሜ እገልጥ ነበር። ዛሬ በመጽሔቱ የወጣው በቴሌቪዥን የሚደርሰው ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ እዚያ ኢሶማን ካጣሁት የሚቀጥለው ዓመት ሥራዬን አጣሁ ማለት ነው። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ የለም። ማንም አልገደለውም፣ ማንም አልሸኘውም። አንድ ወደብ ላይ ተቀምጦ ሳለ መርከቧ ሄደች፣ ከዚያ በኋላ ስሙን የጠራ የለም።

ያኔ ነው አንቺ ደውለሽ የእማዬን ነገር የነገርሽኝ። ኢሶማ ሲናገር "ልጄ መጣ" ብላ ዘለል ትላለች፣ አንዲት "ሃ!" እንኳ ስትሰማ "ምን ሆኖ ነው የደነገጠው? በርዶት ይሆን?" ትላለች፣ ሳይመጣ ሲቀር ግን እራቷን ትገፋለች አልሽኝ። "ሌላው ቢቀር መደንገጡን አይተዉልህም?" ስትዪ እየሳቅሽ ነበር፤ ከሳቁ ሥር ያለውን ሰምቼዋለሁ። እማዬ የምታውቀው ልጅ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። ባለፈው ስመጣ "ጌታው፣ ማንን ፈልገው ነው?" እንዳለችኝ አይተሻል።

ካቻምና በዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይ አቶ ኦቺያይን አገኘኋቸው። ጥግ ላይ ወገባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በሳምንት በሳምንት ሲስሉ ወገባቸው ተበላሽቶ እንደ ሽማግሌ ነው የሚነሱት፣ በዕድሜ ግን ከእኔ ብዙም አይበልጡም። ቀረብ ብዬ "ኢሶማን ረሱት?" አልኋቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"አልረሳሁትም። ባመጣው ምን ላድርገው? የአንድ ሳምንት ገጽ ጥቂት ነው። አንዱን ሳስገባ ሌላው ይወጣል። ዝም ብሎ ቆሞ እንዲታይ ብቻ ቦታ ብሰጠው አዘጋጁ ይቆጣኛል፣ አንባቢውም ይሰለቻል" አሉ። ቆይተው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እውነቱን ልንገርዎት? አሁን ካመጣሁት እገድለዋለሁ። ሌላ የሚያመጣው ምክንያት አልቀረም። ስለምወደው ነው እዚያ ወደብ ላይ የተውኩት" አሉኝ።

እኔ ምን እንዳልኋቸው ታውቂያለሽ? "ያምጡት" አልኋቸው። "እናቴ እየጠበቀችው ነው።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ።

በጸደይ አንድ ሰኞ መጽሔቱን ብገልጥ የመጀመሪያው ባለቀለም ገጽ ላይ ኢሶማ ቆሟል። ጸጉሩ ሸብቷል፣ መቅዘፊያው ትከሻው ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ጮህሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የልጅነቱ ታሪክ ተጀመረ፤ ድሃ የዓሣ አጥማጅ ቤት፣ እናቱ፣ የመጀመሪያ ጀልባው። ያኔ ደስታዬ ቀዘቀዘ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ያውቀዋል፤ የተረሳ ሰው ድንገት ልጅነቱ ከተተረከለት መቃብሩ እየተቆፈረ ነው። እንዳልሁትም ሆነ። በበጋው ሹን እንዲያመልጥ ድልድዩን ብቻውን ይዞ ቆመ፣ እዚያው ሞተ። ካርዱ እንደ ጎርፍ መጣ። በኖረበት ዘመን አንደኛ ወጥቶ አያውቅም፣ በሞተበት ሳምንት አንደኛ ወጣ። ለዓመታት ስሙን ያላነሱት ልጆች ለመጽሔቱ አበባ ላኩ።

እኔ ደግሞ ያን በጋ ነበር ድምፄ መሻከር የጀመረው። ሰዉ ሁሉ ብርድ ነው፣ ድካም ነው አለኝ፤ እኔም እንደዚያው አልሁ። በመከር ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሟ ከአንቺ ልጅ ብዙ አትበልጥም። ጉሮሮዬን አየችና በዚሁ ሳምንት ቀዶ ሕክምና ይደረግ አለች። "ከዚያ በኋላ እናገራለሁ?" አልኋት። "አይናገሩም፣ ግን…" ብላ ልትቀጥል ስትል አቋረጥኋት። የኢሶማ ሞት የሚቀረጸው ክረምቱ ሲያልቅ ነበር። "ሥራ አለብኝ፣ እሱን ጨርሼ እመጣለሁ" አልሁ። ተቆጣችኝ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ "ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? ሌላ ሰው አይሠራውም?" አለች። ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል፣ እቴቴ። ያስፈራኝም እሱ ነው። ወጣት አምጥተው ያስጨርሱታል፣ አብዛኛው ሰው ልዩነቱን አያውቅም። እማዬ ግን ታውቃለች።

ስለዚህ ጠበቅሁ። ድምፄን ለማትረፍ ብዬ መናገር ተውሁ። ያኔ ነው ስልክሽን ማንሳት ያቆምሁት። በሱቅ በጣቴ እያመለከትሁ እገዛለሁ፣ ጎረቤቶቼ ዲዳ የሆንሁ መስሏቸዋል።

ቀረጻው ባለፈው ሳምንት ነበር። አቶ ኦቺያይ መጥተው ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ማኪኖ እንደ ልማዳቸው "ዛሬ መደንገጥ የለም፣ መሞት ብቻ ነው" ብለው ጎኔን ነካ አደረጉኝ። የድልድዩን ጩኸት ጮህሁት። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ የድሮው ድምፄ ነበር። ከዚያ በኋላ ተሰበረ። እየቆምን ደጋግመን ጀመርን። በመጨረሻ የወጣው ሹክሹክታ ነው፣ እሱም በደም የታፈነ። ወጣቱ ዳይሬክተር በማጉያው፣ "እንዲህ ነው እንጂ! ይሄን ድምፅ እንዴት አመጡት? ስንት ጊዜ ተለማመዱት?" አለኝ። ወይዘሮ ማኪኖ ግን አጠገቤ ቆመው አፌን የጠረግሁበትን መሐረብ አዩ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ "ኢሶማ፣ አትሂድ!" የሚለው በሹን ድምፅ አልወጣላቸውም። የወጣው የአንዲት አሮጊት ልቅሶ ነው። እንደገና እንዲሉት ተጠየቁ። ደጋግመው ቢሞክሩም ልጅ መሆን አቃታቸው። እረፍት ተሰጠን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቀረኝ ትንፋሽ ብቻ ነው።

በማግስቱ ወደ ሐኪሟ ተመለስሁ። በዚህኛው ጊዜ አልተቆጣችም። አዲሱን ምስል አይታ ወንበሯን አስጠጋች፣ ውሃ ቀዳችልኝ። አገርዎ ሳካታ ባሕሩ እንዴት ነው፣ ቤተሰብ አለዎት ወይ፣ ማን አለዎት እያለች ጠየቀችኝ። መልሱን በወረቀት ጻፍሁላት። ስለ ቀዶ ሕክምናው አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሲያመኝ የምውጠውን ሰጠችኝና እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። ሐኪም እስከ ውጭው በር ሲሸኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?

አሁን ወደምለምንሽ ነገር ልምጣ። የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እሁድ ነው የሚተላለፈው። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን እንዳትከፍቺላት ልልሽ ነበር። ለእሷ እሱ እኔ ነኝ፤ ልጇ በዓይኗ ፊት ሲሞት ልታይ ነው። ብዙ አሰብሁበት። ካልከፈትሽላት ግን መጠበቋን አትተውም። እሁድ በመጣ ቁጥር እራቷን ትገፋለች፣ ሌሊት በሩን ትከፍታለች፤ አንቺም እየተነሳሽ ትዘጊያለሽ። ስለዚህ ክፈቺላት። አጠገቧ ተቀመጪ፣ ያን ቀን ወደ ጓዳ አትግቢ። ታልቅስ። አንዴ በደንብ አልቅሳ ይውጣላት፣ በኋላ ለእሷ ሁለተኛ ወሬ አያስፈልግም። አንቺም አብረሻት ብታለቅሺ ደስ ይለኛል፤ አንድ ላይ ቢሆን ይሻላል።

መጨረሻው አካባቢ ኢሶማ በልጅነቱ ከቤት ሲወጣ ያለው ነገር ትዝ ይለዋል፤ ወደ እናቱ ዞሮ "ደርሼ መጣሁ" ይላል። ጽሑፉ ላይ ያለው በቶኪዮ አነጋገር ነበር። እኔ ሳላስበው በሳካታው፣ እኛ ለጀልባ ስንወጣ በምንለው አልሁት። ዳይሬክተሩ ይታረም ሲል አቶ ኦቺያይ ከመስታወቱ ጀርባ እጃቸውን አንስተው ተዉት አሉ። እማዬ ስትሰማው ያው ድሮ ከበሩ ላይ የምትለንን "በጊዜ ና" ትለው ይሆናል። ካለችው አታርሚያት። "እሺ" የሚላት ሰው ስለሌለ፣ አንቺ በይልኝ።

ጉልበትሽን አሙቂ፣ ከእንግዲህ ጣሪያ ላይ አትውጪ፣ ለሰው ከፍለሽ አስወርጂ። ቤታችሁ አይቀዝቅዝ፣ ዕድሜና ጤና ይብዛላችሁ። የእማዬን እጅ በሁለት እጅሽ ያዢልኝ።

የምትወጂው ታናሽሽ