«እማ፣ ምድጃውን አንድጂ»

ውድ ልጄ ኦርቹን፣

ወሬው በመጣበት ቀን ዓሣ እያጸዳሁ ነበር። የጀልባችሁ ባለቤት ታህሲን ካፒቴን በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ያ ሰው ገበታ ላይ ሲቀርብ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም፤ ስለዚህ ቃል ከአፉ ሳይወጣ ገባኝ።

«እህቴ ሰኒሃ፣ ማዕበሉ ኦርቹንን ከጀልባው ላይ ወሰደብን» አለኝ። «ፈልገነዋል። አሁንም እየፈለግን ነው።»

«ግባ፣ ርሰሃል» አልሁት። የዓሣው ቅርፊት እጄ ላይ ደርቆ እስኪነቀል ድረስ እዚያው ቆምሁ።

ባሕሩ አልመለሰህም። ሰው እየመጣ «አላህ ያጽናሽ» ይለኛል፤ እኔ ግን ላልተቀበረ ልጅ እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም ነበር። ከዚያ የወሩ መጀመሪያ ሆነና ስልኬ ጮኸ። ከአንተ ገንዘብ ገብቷል። ከሥሩ እንደ ሁልጊዜው ቃልህ አለ፦ «እማ፣ ምድጃውን አንድጂ።»

ያ ቃል እንዴት እንደተጀመረ ታስታውሳለህ? ስልኩን ገዝተህልኝ፣ ወጥ ቤት ተቀምጠን ረጅሙን የባንክ ሒሳብ ቁጥርህን ስታስጠናኝ ነበር።

«ኢባን የሚሉት ይሄ ነው፣ እማ።»

«ይሄ ሁሉ ቁጥር? እስከ ወደቡ እኮ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«መጀመሪያ የተሠራው ከአገር ወደ አገር ለመላክ ነው። አሁን ማዶ ላለው ዓሣ ሻጭም የምንልከው በዚሁ ሆኗል።»

«ድንበር የሚሻገር ቁጥር ለዓሣ ሻጭ! ሰውየው እንዳይኮራብን።»

ሳቅህ። «አንዷን ካልሳትሽ የትም ብሆን ያገኘኛል» አልኸኝ። ከዚያ ገንዘቡ በየወሩ በራሱ እንዲሄድ አዘዝህ፤ ባሕር ላይ ብትሆንም እንዳይቀርብኝ። ከሥሩ የሚጻፈውንም አንዴ ጻፍኸው፤ ስትመለስ ቤቱ ቀዝቅዞ እንዳይጠብቅህ።

እና በራሱ የሚሄድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጄ። ስልኩ ሲጮህ ግን ማወቄ አልረዳኝም።

አንድ ቀን ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች በቃሌ አስገባሁት። ስምህ መጣ፤ ባንኩ እንደሚሸፍነው መጀመሪያው ብቻ ፊደል፣ የቀረው ኮከብ ኮከብ። ፊትህን በጨለመ መስኮት ያየሁ መሰለኝ። አንድ ሊራ ላክሁልህና ከሥሩ «ልጄ፣ በርዶሃል ወይ?» ብዬ ጻፍሁ። አልተመለሰም፤ ተቀብለኸዋል። ወሩ ሲገባ መልስህ መጣ፦ «እማ፣ ምድጃውን አንድጂ።»

በሌላው ወር «የት ነህ?» አልሁህ። ምድጃውን አንድጂ አልኸኝ። «ማን አለ አብሮህ?» አልሁህ። ምድጃውን አንድጂ አልኸኝ። ቃሉ ያው ነው፤ በጠየቅሁህ ቁጥር ግን የባሰ የበረደህ ይመስለኝ ጀመር።

በዚህ መሀል ሚስትህ ፊገን ወረቀት ይዛ መጣች። ሞትህ በመዝገብ እንዲጻፍ የእኔም ፊርማ ያስፈልጋል። ከተጻፈ ኢማሙ ሥጋህ በሌለበት የጀናዛውን ሶላት ሊያሰግድልህ ተስማምቷል። ከተጻፈ ግን ሒሳብህም ይዘጋል። አልፈርምም አልኋት።

«እማማ፣ እኔ የማን ነኝ?» አለችኝ። «ባለትዳር አይደለሁ፣ ባሏ የሞተባት አይደለሁ። እሱስ ሶላት ሳይሰገድበት እስከ መቼ?»

«ገንዘቡ እየመጣ ነው። የሞተ ሰው ይልካል?»

«ሒሳቡ እኮ እስካሁን ባዶ መሆን ነበረበት» አለች።

ተያይዘን ወደብ ወረድን። ካፒቴኑ መረብ ሲጠግን አገኘነው። ስንጠይቀው ቀና አላለም።

«ድርሻውን የማስገባው እኔ ነኝ። የአባቴ ደንብ ነው፤ ባሕር ያልመለሰው ሰው ከጀልባዬ አልወረደም። ዓሣው ሲከፈል ለእሱም ይቆጠራል።»

«ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለች ፊገን።

«ከጀልባው እንዲወርድ ነው የምነግራችሁ?» አለ። «እኔ አላወርደውም። የሚያወርደው የእናቱ ቃል ነው።»

ከዚያ ነሐሴ መጣ፤ የእኛ የበጋ እምብርት። ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። ስልኬ ጮኸ፤ ምድጃውን አንድጂ አልኸኝ። ተነሣሁና አነደድሁት። እንደ ድሮው የሱፍ ካልሲህንም ከሳጥን አውጥቼ ከላዩ ባለው ሽቦ ላይ ሰቀልሁት።

ፊገን ከምትኖርበት ከላይኛው ፎቅ እየሮጠች ወረደች። «እማማ፣ ምን ነካዎት? ጎረቤቱ ጭስ አይቶ ባልዲ ይዞ ወጥቷል እኮ።»

«ባልዲውን ይዞ ይመለስ።»

«እዚህ ልንቀቀል ነው?»

«አንቺ ውጪ፣ እኔ በስዬ እወጣለሁ።»

ልትስቅ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ሽቦው ላይ ቀረ። ካልሲው ይተናል፣ ልጄ። ከብርዱ ወራት ጀምሮ በደረቅ ሳጥን ውስጥ የነበረ ካልሲ ይተናል። ሄዳ ጫፉን ጨመቀችው። ውሃ ጠብ አለና የጋለው ብረት ላይ ቺስ አለ። ጣቷን ምላሷ ላይ አስነካች።

«ጨው» አለች፤ ከወንበሩ ላይም ተቀመጠች።

እሳቱ ብቻ ይንጫጫል።

«እማማ» አለች በመጨረሻ፤ «እኛ ስላልለቀቅነው እኮ ነው እስካሁን ርሶ የቆመው።»

ወረቀቱን አምጪ አልኋት።

ሶላቱ ተሰገደልህ። መስጊዱ ሞልቶ ሰዉ ጓሮ ላይ ተሰልፎ ነበር። ታህሲን ካፒቴን ከፊት ተሰልፎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ኢማሙ «ሟቹን እንዴት ታውቁታላችሁ?» ሲል «ደግ ሰው ነበር» ብለው መለሱ። «በእሱ ላይ ያላችሁን መብት ይቅር ትሉታላችሁ?» ሲል እኔም ከሴቶቹ መሀል «ይቅር ብያለሁ» አልሁ። ያኔ ከጀልባው አወረድሁህ። ፊገን ለሟች የሚታደለውን ጣፋጭ፣ ሐልዋ አብስላ ለጎረቤት አዳረሰች፤ ባልዲ ይዞ ለወጣው ሰውዬም።

ወሩ ገባ። ስልኬ አልጮኸም። ሲጨንቀኝ ውሎ ቁጥርህን ለመጨረሻ ጊዜ አስገባሁ። ኮከቦቹም አልመጡም፤ ስምህ የሚወጣበት ቦታ ባዶ ነበር። ቢሆንም አንድ ሊራ ላክሁና «አንድጄዋለሁ፤ ግባና ሙቅ» ብዬ ጻፍሁ።

ምሳ ሳይደርስ ተመለሰ። ሒሳቡ ተዘግቷል ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የጻፍሁት ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፦ «አንድጄዋለሁ፤ ግባና ሙቅ።» ብዙ ጊዜ አነበብሁት። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ግን ከአንተ የመጣ መልስ ይመስል ነበር። ምድጃው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ። ካልሲህን ዳሰስሁት። ደርቋል።

ደህና ሁን፣ የእኔ ልጅ። ቁጥርህን አልረሳውም፤ ከእንግዲህ ግን የምልክልህ ዱዓ ብቻ ነው፤ እሱ ቁጥር አይፈልግም።

እናትህ ሰኒሃ

ይህን ደብዳቤ ለከተማችን ጋዜጣ የሰጠሁት መላኪያ አድራሻ ስለሌለው ነው። መቃብር አጠገብ ያለፈ ሰው ቆም ብሎ የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ ለሟቹ ይቀራል፤ ልጄ ግን ሰው የሚቆምበት ድንጋይ የለውም። ያነበባችሁ ሁሉ ይህን ወረቀት ድንጋዩ አድርጉለትና፣ ሳታጥፉት ለኦርቹን አንድ ፋቲሃ ቅሩለት።