አፉ ያልገባው ጠብታ

ውድ እታለም፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው እንጂ አንጀቴ አርሯል። ስልክሽን የማላነሳውም ድምፅሽን ከሰማሁ ስለምራራልሽ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ለልጄ ለድንቡሼ ለደም ማነሱ የታዘዘለትን ያንን ጥርስ የሚያጠቁር የአይረን ሽሮፕ እየታገልኩ አጠጣሁት። የደሙ መጠን ግን ንቅንቅ አላለም። አንቺ ደግሞ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠሽ፣ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገሽ እያየሽ፣ «ምነው አልጎደለም? አንቺ እኮ ስንፍና አይለቅሽም» አልሽኝ፤ ያውም ባሌ ፊት። እኔ ሞኟ አምኜሽ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

ከዚያ ልጁ ሲመሻሽ በር ላይ መደናቀፍ ጀመረ። አንቺ የምትሠሪበት ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ጋ ስንገባ ጋዋንሽን ለብሰሽ አጠገቤ ቆመሻል። ቫይታሚን ኤ ካነሰው ሲመሻሽ ዓይኑ እንደሚደክም፣ የሚጠጣው አይረንም በወጉ ደም እንደማይሆንለት ነገረን። የክትባት ካርዱን ሲገልጥ ግን ቫይታሚን ኤ የሚሰጥባቸው ሁለቱም ዙሮች ላይ ምልክት ተደርጓል። «ይሄስ ወስዷል፤ ሌላ ምክንያት እንፈልግ» ብሎ ከክንዱ ደም እንዲቀዳ አዘዘ። ልጄ እሪ ሲል እጁን ጭምቅ አድርገሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ።

አፍሽን የከፈትሽው ግቢውን ከወጣን በኋላ ነው። «ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እሱ የቤት ልጅ ነው፤ ማታ እሰጠዋለሁ ብዬ ምልክቱን አደረግኩና ረሳሁት» አልሽኝ። ሁለቴ? «ሐኪሙ ፊት ምን ልበል? ሥራዬ እኮ ነው» አልሽ።

የጎረቤት ልጆች በሙሉ የቫይታሚን ኤው ካፕሱል በመቀስ እየተቆረጠ አፋቸው ውስጥ ተጨምቆላቸዋል። የኔ ልጅ ያንቺ ዘመድ በመሆኑ ቀረበት። እኔም እህት አለችኝ ብዬ ተኩራርቼ፣ ልጁንና ካርዱን ጥዬልሽ ወደ ሥራዬ እሮጥ ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ልጄን ይዤ ተመለስኩና አንድም ዙር እንዳልወሰደ ለሐኪሙ ነገርኩት። እዚያው ሰጠው። «ታዲያ ምልክቱን ማን አደረገው?» ሲለኝ አላውቅም አልኩት። በልጄ ላይ የተዋሸውን ውሸት እኔም ደገምኩልሽ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እዚያ ሰፈር ሌላ ስንት የቤት ልጅ እንዳለሽ እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ።

እስከ ሰኞ ሄደሽ ለሐኪሙ በገዛ አፍሽ ንገሪው። ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አለን። ያንኑ ጥያቄ ከጠየቀኝ ስምሽን እነግረዋለሁ።

የድንቡሼ እናት